የመርጫ መታጠቢያ ሥፍራዎችና የከርሰ ምድር ውሃ

ፀረ-ተባይ ሲረጭ የዋለ መሣሪያ ሳይታጠብ አያድርም። ይህ በየእርሻ ሥልጠናው የሚነገር፣ ትክክልም የሆነ ምክር ነው። ስንዴ ላይ ፀረ-አረም የረጨ ገበሬ መርጫውን ሳያጥብ በማግስቱ ባቄላው ላይ ሌላ መድኃኒት ቢረጭበት፣ በጋኑ ሥር የቀረችው ጥቂት ፀረ-አረም ባቄላውን ልታጠወልገው ትችላለች። ስለዚህ መርጫ ይታጠባል። ለማጠብ ውሃ ያስፈልጋል፤ ውሃ ያለው ደግሞ ጉድጓዱ ዘንድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ችግር የተጸነሰው በእነዚህ ቀላል እውነታዎች ውስጥ ነው። ገበሬው የታዘዘውን አደረገ፤ የታጠበው ውሃ ግን ለዓመታት በአንድ ቦታ፣ ያውም በመጠጥ ውሃው አጠገብ፣ ወደ መሬት ሰረገ።

ጉዳዩን በሚገባ ለመረዳት ወደ ዴንማርክ ጎራ ማለት ይጠቅመናል። ዴንማርክ ለምርምር የተመቸች አገር የሆነችበት ምክንያት አለ። የመጠጥ ውሃዋ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ሲሆን፣ ወደ ቤቶች ከመላኩ በፊት የሚደረግለት ማጣሪያ እጅግ ቀላል ነው፤ አየር እንዲያገኝ ይደረግና በአሸዋ ውስጥ ያልፋል። አየር መስጠትም ሆነ አሸዋ ፀረ-ተባይን ለማስወገድ የታሰቡ አይደሉም። እንግዲህ ጉድጓዱ ውስጥ የገባ ነገር ብርጭቆ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

አንድ ግራም ስንት ውሃ ይበክላል?

በአውሮፓ ከ1980 ጀምሮ ለመጠጥ ውሃ የተቀመጠው ወሰን፣ ለማንኛውም አንድ ፀረ-ተባይ በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ነው። ሁሉም ፀረ-ተባዮች ሲደመሩ ደግሞ ከ0.5 ማይክሮግራም መብለጥ የለባቸውም። አንድ ማይክሮግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህን ይዘን ብናሰላ፣ አንድ ግራም ፀረ-ተባይ 10 ሚሊዮን ሊትር፣ ወይም 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ እስከ ወሰኑ ድረስ ለማድረስ ይበቃል።

ወደምናውቀው ነገር እናምጣው። ገበሬዎቻችን «ቱፎርዲ» የሚሉት ፀረ-አረም፣ 2፣4-ዲ፣ በሊትር 720 ግራም ኬሚካል ይዞ ይሸጣል። ከዚህ ፈሳሽ አንድ ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሃያ ጠብታ ያህል፣ 0.72 ግራም አለው። ይህ 7,200 ሜትር ኩብ ውሃ ይበክላል። አንድ የኦሊምፒክ መዋኛ ገንዳ 2,500 ሜትር ኩብ ስለሚይዝ፣ ሃያዋ ጠብታ ለሦስት ገንዳዎች ጥቂት ብቻ ይቀራታል።

እዚህ ላይ ግን አንባቢን ማስደንገጥ ዓላማችን ስላልሆነ አንድ ነገር ማብራራት ይገባናል። የ0.1 ማይክሮግራም ወሰን የመርዛማነት ልኬት አይደለም። በወቅቱ የነበሩት መሣሪያዎች ሊለኩ የሚችሉትን ዝቅተኛ መጠን ተከትሎ የተቀመጠ፣ «ውሃ ውስጥ ፀረ-ተባይ ጨርሶ አይኑር» የሚለውን አቋም በቁጥር የገለጸ ወሰን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከጤና አንጻር ለ2፣4-ዲ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 30 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ይህ ከአውሮፓው ወሰን 300 ጊዜ ይበልጣል። በዚህኛው ሚዛን ሃያዋ ጠብታ የምትበክለው 24 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይመልሳሉ፤ አንደኛው «ይህ ውሃ ያሳምማል ወይ?» ሲል፣ ሌላኛው «ይህ ውሃ ንጹሕ ነው ወይ?» ይላል። በጋዜጣ ላይ «ከወሰኑ አሥር ዕጥፍ» የሚል ዜና ስናነብ የየትኛው ወሰን እንደሆነ መጠየቅ ጥሩ ልማድ ነው። ሆኖም 24 ሜትር ኩብም ቢሆን ለአንድ የመንደር ጉድጓድ ቀላል መጠን አይደለም። መርጫ ታጥቦ የሚቀረው ደግሞ ከሃያ ጠብታ እጅግ የበለጠ ነው።

ማሳውና ግቢው

ፀረ-ተባይ በማሳ ላይም ይረጫል፤ ታዲያ ለምንድን ነው መታጠቢያው ተለይቶ የሚያሳስበን? የመጀመሪያው ምክንያት የክምችት ጉዳይ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ኬሚካል በ200 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ በአንድ ሄክታር ላይ ይረጫል እንበል። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚደርሰው 0.1 ግራም ነው። ሥራው ሲያልቅ በትራክተሩ መርጫ ጋን፣ ፓምፕና ቱቦዎች ውስጥ 10 ሊትር ያህል ድብልቅ ቢቀር፣ በውስጡ 50 ግራም ኬሚካል አለ። ይህ በ10 ካሬ ሜትር የግቢ መሬት ላይ ቢደፋ ለአንዱ ካሬ ሜትር 5 ግራም፣ ማለትም የማሳው 50 ዕጥፍ ይደርሰዋል። መርጫው በዓመት አሥር ጊዜ ከታጠበ ደግሞ 500 ዕጥፍ ይሆናል። ይህ ሠላሳ ዓመት ሲቀጥል የሚሆነውን አንባቢ ራሱ ያስላው። በተለይ መርጫ እያከራዩ ለብዙ ገበሬዎች በሚሠሩ የማሽን ጣቢያዎችና በፍራፍሬ እርሻዎች ግቢ ውስጥ የታጠበው ብዛት ከአንድ እርሻ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት በአፈሩ ላይ ነው፤ እኛም በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እንፈልጋለን። የማሳ የላይኛው አፈር በብስባሽ የበለጸገ ነው። ፀረ-ተባይ ሲያርፍበት ከፊሉ በብስባሹ ላይ ይለጠፋል፤ የተለጠፈውንም በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ቀስ በቀስ ይሰባብሩታል። የእርሻ ግቢ ግን ትራክተር እንዲመላለስበት ተብሎ የላይኛው አፈሩ ተጠርጎ ጠጠርና አሸዋ የተነጠፈበት ነው። ብስባሹም የለም፤ ሠራተኞቹ ባክቴሪያዎችም ጥቂት ናቸው።

ልዩነቱን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። አንድ ኬሚካል በአፈር ላይ የሚለጠፍበት መጠን፣ በግምት፣ ኬሚካሉ ለካርቦን ያለው ዝንባሌ በአፈሩ የካርቦን ድርሻ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ዝንባሌው 100 ሊትር በኪሎ ግራም የሆነ አንድ ኬሚካል እንውሰድ። የማሳው አፈር 2 በመቶ ካርቦን ካለው የመለጠፊያ መጠኑ 2 ይሆናል። የግቢው አሸዋ 0.1 በመቶ ብቻ ካለው 0.1 ይሆናል። ይህን በአፈሩ ጥግግት (1.5) አባዝተን ውሃ በያዘው ክፍተት (0.3) ስናካፍልና 1 ስንደምር፣ ኬሚካሉ ከውሃው ምን ያህል ወደኋላ እንደሚቀር እናገኛለን። በማሳው ውጤቱ 11 ነው፤ ውሃው 11 ሜትር ሲወርድ ኬሚካሉ 1 ሜትር ብቻ ይወርዳል። በግቢው 1.5 ነው፤ ኬሚካሉ ውሃውን በቅርብ ርቀት እየተከተለ ይወርዳል። ያው ኬሚካል፣ ያው ዝናብ፤ ነገር ግን በማሳው ላይ ለባክቴሪያዎች የሚሰጠው ጊዜ በብዙ ዕጥፍ ይበልጣል።

ሦስተኛው ምክንያት ጉድጓዱ ራሱ ነው። የድሮ ጉድጓዶች በጡብ ወይም በድንጋይ የተገነቡ፣ አፋቸው በቅጡ ያልተደፈነ ሲሆኑ፣ በግቢው የፈሰሰ ውሃ አንዳንድ ጊዜ አፈሩን ጨርሶ ሳይነካ በግንቡ ስንጥቅ በኩል በቀጥታ ይወርድ ነበር። ጋኑን የሚሞላው ቱቦ ጫፉ በድብልቁ ውስጥ ተነክሮ እያለ የውሃ ግፊት ሲቀንስ፣ ድብልቁ ወደኋላ ተስቦ ወደ ጉድጓዱ የሚገባበት አጋጣሚም ነበር።

ከወላጁ የከፋ ልጅ

በዴንማርክ ታሪክ ውስጥ ዋናው ተዋናይ ዳይክሎቤኒል የሚባለው ፀረ-አረም ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ «ፕሪፊክስ» እና «ካሶሮን» በሚሉ ስሞች እየተሸጠ በግቢዎች፣ በመንገድ ዳር፣ በፍራፍሬ ዛፎች ሥር ሣርና አረም እንዳይበቅል ይበተን ነበር። ኬሚካሉ በውሃ የማይሟሟ ሊባል የሚችል፣ በአፈር ላይ አጥብቆ የሚለጠፍ ስለሆነ የከርሰ ምድር ውሃን ይበክላል ተብሎ አልተፈራም። ስሌቱም ስለ ዳይክሎቤኒል ትክክል ነበር።

የተዘነጋው ልጁ ነው። የአፈር ባክቴሪያዎች በዳይክሎቤኒል ሞለኪውል ላይ ያለውን የናይትሪል ቡድን፣ ማለትም ካርቦንና ናይትሮጅን በሦስት ትስስር የተያያዙበትን ጫፍ፣ አንድ የውሃ ሞለኪውል ጨምረውበት ወደ አማይድ ይለውጡታል። ኢንዛይሙ የሠራው ይህችን ትንሽ ሥራ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ክሎሪኖችና የቤንዚን ቀለበቱ እንዳሉ ናቸው። አዲሱ ውሁድ 2፣6-ዳይክሎሮቤንዛሚድ ይባላል፤ በአጭሩ «ባም»። ባም ከወላጁ ከመቶ ጊዜ በላይ በውሃ የሚሟሟ፣ በአፈር ላይ የማይያዝ፣ ከላይኛው አፈር በታች ከወረደ ደግሞ የሚነካው ያጣ ንጥረ ነገር ነው። ወላጁ በግቢው አፈር ላይ ተለጥፎ እንደ ጎተራ ሆኖ ይቀመጣል፤ ልጁ ከጎተራው በየክረምቱ እየተቆነጠረ ወደ ታች ይወርዳል።

በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ባምን መፈለግ ሲጀምሩ በየጉድጓዱ አገኙት። ዳይክሎቤኒል በ1997 ከዴንማርክ ገበያ ወጣ፤ ባም ግን ከዚያ በኋላም ለሁለት አሥርት ዓመታት በአገሪቱ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ በብዛት የሚገኝ የፀረ-ተባይ ቅሪት ሆኖ ቆየ። በርካታ የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶችም ተዘጉ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ክሎሪዳዞን የተባለው የስኳር ድንች ሳይሆን የስኳር ቀይ ሥር ማሳ ፀረ-አረም በዴንማርክ መሸጡ ያቆመው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነበር። ከሃያ ዓመታት በኋላ፣ በ2017፣ ስብርባሪው በግዴታ ከሚመረመሩት ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ከባም በላይ ተስፋፍቶ ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ዲኤምኤስ የሚባል ሌላ ስብርባሪ ተከተለ፤ ይህኛው በፍራፍሬና በእንጆሪ ላይ ይረጩ ከነበሩ፣ እንጨት እንዳይሻግትም ቀለም ውስጥ ይጨመሩ ከነበሩ ፀረ-ፈንገሶች የመጣ ነው። ውሃው በ2017 በድንገት አልቆሸሸም። ቀደም ሲል «ንጹሕ» የተባለው ውሃ፣ በተፈለጉት ንጥረ ነገሮች መጠን ብቻ ንጹሕ ነበር። በላቦራቶሪ ውጤት ላይ «አልተገኘም» የሚል ቃል ስናይ «ምን ምን ተፈልጎ ነበር?» ብለን እንድንጠይቅ የሚያስገድደን ይህ ነው።

ጥፋቱ የማሳው ነው የግቢው?

በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ፀረ-ተባይ ሲገኝ ከሰፊው ማሳ ይሁን ከአንድ አሮጌ መታጠቢያ የመጣ መለየት ያስፈልጋል፤ መፍትሔው የተለያየ ነውና። ከማሳ ከሆነ ኬሚካሉን ለሁሉም ገበሬ መከልከል ይመጣል፤ ከመታጠቢያ ከሆነ አንዱን ግቢ መቆፈር ወይም ማጽዳት ይበቃ ይሆናል። ይህ ሥራ ከወንጀል ምርመራ ጋር ይመሳሰላል።

አንዱ ምልክት ስብጥሩ ነው። በአንድ ማሳ ላይ በአንድ ወቅት የሚረጨው ኬሚካል ጥቂት ዓይነት ሲሆን፣ በመታጠቢያ ላይ ግን የስንዴውም፣ የፖሙም፣ የግቢው አረም ማጥፊያም በአንድነት ይደፋል። በአንድ ጉድጓድ ብዙ ዓይነት ኬሚካል፣ ያውም በከፍተኛ መጠን ከተገኘ ጥርጣሬው ወደ ግቢው ያዘነብላል።

ሌላው ምልክት ረቂቅ ነው፤ ለኬሚስትሪ ተማሪዎች ግን ደስ የሚል ይመስለናል። ሜኮፕሮፕና ዳይክሎርፕሮፕ የተባሉት ፀረ-አረሞች ሞለኪውላቸው እንደ ቀኝና ግራ እጃችን ሁለት ቅርጽ አለው፤ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው፤ ቢደራረቡ ግን አይገጥሙም። አረሙን የሚገድለው «ቀኙ» ብቻ ነው። የቀድሞዎቹ ፋብሪካዎች ሁለቱንም እኩል አደባልቀው ይሸጡ ነበር። በኋላ ጊዜ ግን ቀኙን ብቻ ማምረት ተቻለ። ስለዚህ በውሃ ናሙና ውስጥ «ግራው» በብዛት ሲገኝ ኬሚካሉ ከአሮጌው ምርት ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» ያልነው ባክቴሪያዎች ሁለቱን እጆች እኩል ስለማይበሉ ጥምርታው በመንገድ ላይ ሊለወጥ ስለሚችል ነው። ይህን ለማረጋገጥ ተመራማሪዎች ሌላ ፍንጭ ይጨምራሉ፤ በአሮጌዎቹ ምርቶች ውስጥ በአመራረት ጉድለት ተቀላቅሎ ይመጣ የነበረውን 4-ሲፒፒ የተባለ ባዕድ ንጥረ ነገር ይፈልጋሉ። እርሱ ከተገኘ፣ ዛሬ በማሳው ላይ ያለው ገበሬ ሳይሆን ከዓመታት በፊት በዚያ ግቢ የሠራ ሰው የተወው ቅሪት መሆኑ ይገመታል።

ለምን ይህን ያህል ዘገየ?

የ1960ዎቹ ጥፋት በ1990ዎቹ ለምን ታየ? መልሱ በውሃ ፍጥነት ላይ ነው። በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል እንበል፤ አፈሩ ከመጠኑ 0.3 እጅ ውሃ ከያዘ፣ ውሃው በዓመት 0.67 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በ20 ሜትር ጥልቀት ያለውን ውሃ አዘል ንብርብር ለመድረስ ሠላሳ ዓመት ይፈጅበታል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ወደ ጎን መጓዝ ይጀምራል። ውሃን በቀን 10 ሜትር በሚያሳልፍ አሸዋ ውስጥ፣ የውሃው ወለል በሺህ ሜትር 3 ሜትር ቢያዘቀዝቅና የአሸዋው ክፍተት 25 በመቶ ቢሆን፣ ፍጥነቱ በቀን 12 ሴንቲ ሜትር ወይም በዓመት 44 ሜትር ነው። ጥፋቱን የሠራው ሰው ጡረታ ወጥቶ፣ እርሻው ተሽጦ፣ ግቢው የመኖሪያ ሰፈር ሆኖ ሳለ ነው ውጤቱ ወደ ጎረቤቱ ጉድጓድ የሚደርሰው።

ከዚህ የሚከተለው የኃላፊነት ጥያቄ ከባድ ነው። ገበሬው ሕግ አልጣሰም፤ ኬሚካሉ ተፈቅዶ የተሸጠ ነው። ብዙ ጊዜ አጥፊው ቢታወቅም በሕይወት የለም። በዴንማርክ እንዲህ ያሉ አሮጌ ሥፍራዎችን መርምሮ የማጽዳት ሥራ ከ2007 ጀምሮ ለክልል አስተዳደሮች ተሰጥቷል። ወጪው በሕዝብ ገንዘብ ይሸፈናል። ይህ ፍትሐዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለሕግ ተማሪዎች እንተወዋለን፤ በእኛ አስተያየት ግን ውሃው ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ማጽዳትና መከላከል

የተበከለ ጉድጓድ ሲገኝ የተለመደው እርምጃ ጉድጓዱን ዘግቶ ሌላ መቆፈር ነው። ገቢር በተደረገ ካርቦን ማጣራት ይቻላል፤ ነገር ግን ካርቦኑ በየጊዜው መለወጥ አለበት፤ እንደ ዲኤምኤስ ያሉ በውሃ በጣም የሚሟሙ ቅሪቶችንም በሚገባ አይዝም።

ተመራማሪዎች ከዚህ የተሻለ ለማግኘት ባክቴሪያ ፈለጉ። ዳይክሎቤኒል ለዓመታት ከተበተነበት የዴንማርክ አፈር ውስጥ ባምን ምግቡ አድርጎ የሚበላ አንድ ባክቴሪያ አገኙ፤ አሚኖባክተር ኤምኤስኤች 1 ይባላል። ይህን ባክቴሪያ በውሃ ማጣሪያ አሸዋ ውስጥ ቢዘሩት ባሙን በላላቸው። ይሁን እንጂ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሥራው እየደከመ ሄደ። ከፊሉ በውሃው ታጥቦ ወጣ፤ ከፊሉን በአሸዋው ውስጥ የሚኖሩ ፕሮቶዞኣዎች በሉት። በላቦራቶሪ የሚሠራ ነገር ሁሉ በማጣሪያ ጣቢያ አይሠራም።

መከላከሉ ከዚህ ይልቅ ርካሽ ነው። በደቡባዊ ስዊድን በቬመንሆግ ተፋሰስ የተደረገውን እንጥቀስ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች በዚያ ወንዝ ውስጥ የሚገኘው ፀረ-ተባይ በአብዛኛው ከማሳ ሳይሆን መርጫ ከሚሞላባቸውና ከሚታጠብባቸው ግቢዎች እንደሚመጣ ተረዱ። ወደ ገበሬዎቹ ቤት ለቤት እየሄዱ የት መሙላትና ማጠብ እንዳለባቸው መከሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በወንዙ ያለው የፀረ-ተባይ መጠን ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። ገበሬዎቹ እርሻቸውን አላቆሙም።

ከዚያው አገር በ1993 የመጣ ሌላ መፍትሔ አለ፤ የሕይወት አልጋ ልንለው እንችላለን። 60 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ይቆፈርና ታችኛው ክፍሉ ውሃ እንዳያሳልፍ በሸክላ አፈር ይነጠፋል። በላዩ ላይ ግማሹ ገለባ፣ ሩቡ በረግረግ ውስጥ የበሰበሰ ዕፅ፣ ሩቡ የማሳ አፈር ሆኖ የተደባለቀ ነገር ይሞላል፤ ሣርም ይበቅልበታል። መርጫው በዚህ ላይ ቆሞ ይሞላል፣ ይታጠባል። ሚስጥሩ ያለው ገለባው ላይ ነው። ገለባ ሊግኒን የተባለ ጠንካራ ነገር አለው፤ ሊግኒንን የሚሰብሩ ፈንገሶች ደግሞ ኢንዛይማቸው መራጭ ስላልሆነ በመንገዳቸው ያገኙትን ፀረ-ተባይም አብረው ይሰብራሉ። አፈሩ ባክቴሪያውን ያመጣል፤ የበሰበሰው ዕፅ እርጥበቱን ይይዛል። ገለባው እየበሰበሰ ስለሚያልቅ በየጊዜው መሙላት ያስፈልጋል። ዴንማርክም በ2009 ባወጣችው ደንብ መርጫ አንድም በሚረጨው ማሳ ላይ፣ አለያም ፈሳሹን በሚሰበስብ መታጠቢያ ላይ ብቻ እንዲታጠብ አዘዘች።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በአገራችን አብዛኛው ገበሬ የሚጠቀመው የትራክተር መርጫ ሳይሆን በጀርባ የሚታዘል መርጫ ነው። በአንድ ጊዜ የሚታጠበው መጠን አነስተኛ ቢሆንም መርጫው ብዙ ነው፤ የሚታጠብበትም ሥፍራ ብዙውን ጊዜ ምንጭ፣ ወንዝ ወይም የእጅ ጉድጓድ አጠገብ ነው። በደጋማው የዋልካ አፈር ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። ዋልካ እርጥብ ሲሆን ውሃ አያሳልፍም፤ በበጋ ሲደርቅ ግን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በመጀመሪያው ዝናብ የሚወርደው ውሃ ከላይ ያሰላነውን ዘገምተኛ መንገድ ሳይከተል በስንጥቁ በኩል ወደ ታች ሊያቋርጥ ይችላል።

ስለ ማጠቡ አንድ ጠቃሚ ስሌት እነሆ። በ15 ሊትር መርጫ ሥር ግማሽ ሊትር ድብልቅ ቀረ እንበል። በ6 ሊትር ውሃ አንድ ጊዜ ብናለቀልቀው የቀረው ድብልቅ 13 ጊዜ ብቻ ይቀጥናል። ያንኑ 6 ሊትር ለሦስት ከፍለን በ2 ሊትር፣ 2 ሊትር፣ 2 ሊትር ሦስት ጊዜ ብናለቀልቅና በየመሃሉ ብናፈስ፣ በእያንዳንዱ ዙር 5 ጊዜ ስለሚቀጥን በመጨረሻ 125 ጊዜ ይቀጥናል። ውሃው ያው 6 ሊትር ነው፤ ውጤቱ ወደ አሥር ዕጥፍ ይጠጋል። እጥበቱም በተረጨው ማሳ ላይ ተመልሶ ከተረጨ፣ ብስባሽና ባክቴሪያ ባለበት አፈር ላይ ያርፋል።

የአሮጌው ጥያቄ ግን ይቀራል። ጊዜ ያለፈባቸው ፀረ-ተባዮች በየመጋዘኑ ተከማችተው እንደነበርና ከ2000 በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት 1,500 ቶን ገደማ ታሽጎ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተልኮ እንደተቃጠለ ይታወቃል። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅም በ2010 ወጥቷል። በርሜሉ ግን ሊነሣ የሚችል ነገር ነው። በርሜሉ ሲከፈትና መርጫው ሲታጠብ የሰረገው አይነሣም፤ በየት ቦታ እንደሰረገም የሚያመለክት ነገር በላዩ ላይ የለም። የዴንማርክ መርማሪዎች ቁፋሮ ከመጀመራቸው በፊት ከአየር የተነሡ አሮጌ ፎቶግራፎችን ያገላብጣሉ፤ በእርሻው ይሠሩ የነበሩ አዛውንቶችን «መርጫው የት ይቆም ነበር? ውሃው ከየት ይቀዳ ነበር?» እያሉ ይጠይቃሉ። በቀድሞ የመንግሥት እርሻዎች፣ በጥጥና በስንዴ ማሳዎች፣ በመርጫ አውሮፕላን ማረፊያዎች የሠሩ ሰዎች በእኛም አገር አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን እየገፋ ነው። የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት የጂኦሎጂና የኬሚስትሪ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ ሲፈልጉ፣ አንድ የቀድሞ እርሻ ካርታ፣ አንድ ማስታወሻ ደብተርና አንድ ቀን ከአንድ አዛውንት ጋር ለመነሻ ይበቃቸዋል።